«ቻይው» ሱፍ ለብሶ ሲመጣ

ባሕር ዳር ላይ እንደ ምክር የረከሰ ነገር የለም። ባጃጅ ውስጥ ሬዲዮው ይመክራል፣ ካፌ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ጥቅስ ይመክራል፣ ቴሌግራሙ ገና ከእንቅልፍ ሳንነቃ «ዛሬ የአንተ ቀን ነው» ይላል፤ ማታ ደግሞ ቡና ላይ ጎረቤት ይቀጥላል። የሬዲዮውና የቴሌግራሙ አዲስ፣ የጎረቤቱ አሮጌ ነው ይባላል። እኔ ልዩነቱ አይታየኝም። የጎረቤቷ «ቻይው» እና የአነቃቂ ተናጋሪው «አስተሳሰብሽን ቀይሪ» መድረሻቸው አንድ ነው፤ የተበደለችው ትስተካከል፣ በዳዩ ባለበት ይቀመጥ።

ከአሮጌው ልጀምር። ባሏ የመታት ሴት እናቷ ቤት ስትደርስ የምትሰማው ይታወቃል። «ትዳር እንዲህ ነው ልጄ፣ እኛስ ስንቱን አሳለፍን፣ ለልጆችሽ ስትይ ቻይው።» እናት ክፉ ሆና አይደለም፤ ልጇ ሜዳ ላይ እንዳትቀር ፈርታ ነው። ምክሩ ምን እንዳፈራ ግን እንይ። በ2008 ዓ.ም የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ባል ሚስቱን ቢመታ አግባብ የሚሆንበት ምክንያት አለ ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር፤ ምግብ ብታሳርር፣ ብትከራከረው፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ልጆቹን ችላ ብትል። ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 63 በመቶዎቹ ቢያንስ ለአንዱ ምክንያት «አዎ» አሉ። ከወንዶቹ 28 በመቶ። ተመቺዋ ከመቺው በላይ ለዱላው ጥብቅና ቆማለች ማለት ነው። ይህ ከማሕፀን ይዘውት የወጡት አይደለም፤ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከአክስት ወደ እህት ልጅ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ምክር ነው። ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ወንጀል ብሎታል። ቡና ላይ ግን ስለ አንቀጽ ያወራ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።

ለአሮጌው ወግ አንድ ነገር ልመስክርለት። ደህና ሽማግሌ ሁለቱንም ያስጠራል። ባልየው ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ይጠየቃል፣ ጥፋቱን ያምናል፣ ይክሳል፣ ዳግመኛ እንዳይነካት ዋስ ይጠራል። ብዙ ጊዜ ዕርቁ በሴቲቱ ኪሳራ እንደሚያልቅ አውቃለሁ። ቢሆንም በዳዩ ስሙ ተጠርቶ የሚቀርብበት መቀመጫ አለ። አዲሱ መካሪ ከአባቶቹ ሲወርስ መቀመጫውንና ዋሱን ትቶ «ቻይው»ን ብቻ ይዞ መጣ።

ከሐይቁ ዳር ሆቴሎች በአንዱ ለአስተናጋጆች በተሰጠ ሥልጠና ላይ ተገኝቼ ነበር። አሠልጣኙ ሱፍ ለብሷል፣ ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር የአንበሳ ፎቶ ይታያል። (አንበሳ የሌለበት የአመለካከት ሥልጠና ይኖር ይሆን?) «ደስታ ምርጫ ነው። የቤታችሁን ችግር ቤታችሁ ተዉት። ፈገግታችሁ ከልብ ይሁን» አለ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ጫማዋን አውልቃ በአንደኛው እግሯ የሌላውን ውስጥ እግር ታሻለች፤ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቆማ ነው የዋለችው። ጥያቄ ካለ ሲባል እጇን አወጣች። «የሳምንት እረፍታችን ለምን ይታለፋል?» አሠልጣኙ አልተቆጣም። «እሱ የአስተዳደር ጉዳይ ነው የኔ እህት፣ እኛ ዛሬ አመለካከት ላይ ነን» አላት። ተጨበጨበ።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ፣ ሠራተኛም በየሳምንቱ ያልተቆራረጠ 24 ሰዓት እንዲያርፍ ይደነግጋል። ልጅቷ የጠየቀችው ሕግ ነው፤ የተመለሰላት ስለ ጠባይዋ ነው። ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ያው አዋጅ ቢናገርም፣ ለግል ድርጅት ሠራተኛ የደመወዝ ወለል ሳይታይ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ልጅቷን የሚያኖራት ቲፕ ነው። ቲፕ የሚሰጠው ቱሪስት ደግሞ መጀመሪያ በኮሮና፣ ቀጥሎ በሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ ግጭት ቀረ። ወደ ዘጌ ገዳማት እንግዳ ሲያመላልስ የነበረ ባለጀልባ ጀልባውን አስሮ በተቀመጠበት ዘመን «ገቢህ የአስተሳሰብህ ውጤት ነው» ማለት ድፍረት ነው። ሌሊት በተኩስ ድምፅ እንቅልፍ ላጣ ሰው «ደስታ ምርጫ ነው» ሲሉት ደግሞ ከማጽናናት ይልቅ ያሳፍሩታል። ያፈረ ሰው ሕመሙን ይደብቃል፤ ሐኪም ዘንድም አይሄድም።

አሜሪካዊቷ የሶሲዮሎጂ ምሁር አርሊ ሆክሺልድ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመችው መጽሐፍ የዴልታ አየር መንገድ የበረራ አስተናጋጆችን ተመልክታ፣ ፈገግታም ጉልበት የሚጨርስ፣ ድርጅቱ የሚሸጠው ሥራ መሆኑን አሳይታለች። የኛ አሠልጣኝ ግማሹን ተቀብሏል። ፈገግታ ሥራ ነው ብሎ ያስተምራል፤ ሥራ ከሆነ ሰዓትና ዋጋ አለው የሚለው ሲመጣ ግን ጉዳዩ የአስተዳደር ይሆናል። የሠራተኛ መብት በዚህ አገር በአመለካከት ሥልጠና አልመጣም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞችን የመሰሉ ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ጠይቀዋል፤ አገር አቀፉ የሠራተኞች ማኅበርም በ1955 ዓ.ም የተመሠረተው እንዲህ ካለው ጥያቄ በኋላ ነው።

«መርዛማ ሰዎችን ከሕይወትሽ ቁረጪ» የሚለው የአዲሱ መካሪ ምክርስ? ወንድሟ ቤት ተጠግታ የምትኖር፣ ልጇን ጎረቤት የሚይዝላት ሴት ማንን ቆርጣ የት ትገባለች? ይህ ምክር የራሱ ቤት ቁልፍ ላለው ነው።

መቻል የሚገባው ነገር የለም አልልም። ሞት አለ፣ ድርቅ አለ፣ ጠያቂም ተጠያቂም የሌለው መከራ አለ። እዚያ ላይ ቁጭ ብሎ ማጽናናት ትልቅ ነገር ነው። የምቃወመው ስም፣ አድራሻና የደመወዝ መዝገብ ያለው በደል እንደ ድርቅ ሲቆጠር ነው።

«ታዲያ ምን ልበላት?» ለሚለኝ ሰው፦ ውልሽን አምጪና አብረን እናንብበው በላት። የቀረብሽን የእረፍት ቀን ደብተር ላይ ጻፊ፣ የሠራተኛ ጉዳይ ወደሚመለከተው ቢሮ አብሬሽ እሄዳለሁ በላት። ባሏ ከመታት ደግሞ ዛሬ እኔ ቤት እደሪ፣ ነገ ፖሊስ ጣቢያ እንሄዳለን በላት። ይህ ምክር ፍራሽ ያስዘረጋል፣ የሥራ ቀን ያስቀራል፣ ከባልየው ዘመዶች ጋር ያቀያይማል። «ቻይው» እንዲህ የተወደደው ለመካሪው ምንም ስለማያስከፍል ይመስለኛል።