ከጀሪካኗ ሥር መሰለፍ

ውሃ እየተለካ በሚቀዳበት ቤት ሕፃናትን እጅ መታጠብ እንዴት ማስለመድ ይቻላል? የጎረቤታችን የሶማሌላንድ ዋና ከተማ ሐርጌሳ ለዚህ ምሳሌ ትሆነናለች። ከተማይቱ ውሃዋን በአብዛኛው የምታገኘው በስተ ሰሜን ካሉት የጌድ ዴብሌ ጉድጓዶች ነው፤ ቧንቧ ያልደረሳቸው ቤተሰቦች ግን ከቦቴና ከአህያ ጋሪ ይገዛሉ። በእንዲህ ያለው ቤት እናት ለመጠጥና ለወጥ ብታስቀድም አይፈረድባትም። ሆኖም በሳሙና መታጠብ የሕፃናትን ተቅማጥ በ30 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ በጥናት ታውቋል።

ስለዚህ አንዲት ትንሽ ጀሪካን ለእጅ ብቻ ትመደብ። ጎኗ በምስማር ቢበሳ ውሃው በቀጭኑ ይወርዳል፤ እጣቢውም በሳፋ ተጠራቅሞ ለመጸዳጃ ቤት ይውላል። አዲሱ ልማድ ከነባሩ ጋር ይጣመር፤ ይኸውም ከማዕድ በፊትና ከመጸዳጃ መልስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የለንደን ጥናት በጎልማሶች ዘንድ አንድ ተግባር ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀናት እንደፈጀ ያስረዳል፤ አንድ ቀን መዝለልም ድካሙን ከንቱ አላደረገውም። እንግዲህ በሕፃናት ላይ ትዕግሥት አይጉደል።

እናንት አባቶች ሆይ፤ በፈቃድ ስትመጡ ከልጆቻችሁ ጋር ከጀሪካኗ ሥር ተሰለፉ። ልጅ ከሚነገረው ይልቅ የሚያየውን ይከተላልና።