ጠበሉና ኮሌራው

ከገላባት ጠረፍ ወደ ደቡብ፣ በቋራ ቆላ፣ በርሜል ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚባል ጠበል አለ፤ ደዌ የጸናበት፣ መንፈስ ርኩስ ያሠቃየው፣ ከሐኪም ቤትም ተስፋ ቆርጦ የወጣ ሰው ስንቁን ቋጥሮ ከሩቅ አገር ሳይቀር እየወረደ ሱባኤ ይገባበታል። የጠበልን ሥርዓት ለአገሬ አንባቢ መተረክ ለቀባሪ እንደ ማርዳት ነው፤ ሆኖም ጫማ ማውለቁ፣ ከመኝታ መለየቱ፣ እህል ሳይቀምሱ መጠመቁ፣ ድርሳን እየተነበበ በመስቀል መዳሰሱ ሁሉ ቦታውን ከርኵሰት ለመጠበቅ አባቶች ያጠሩት ቅጥር መሆኑን ልብ ይሏል።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በዚሁ ስፍራ ኮሌራ ገባ፤ ጠበልተኛው ወደየቀዬው ሲበተንም ደዌው አብሮት ተጓዘ። ጠረፉም ሰው የሚመላለስበት ነውና፣ በዚያው ክረምት የሱዳን ጦርነት ያፈናቀለው ሕዝብ በመተማ በኩል ይጎርፍ ነበር፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ የሱዳን መንግሥት በገዳሪፍ ኮሌራ መከሠቱን አስታወቀ።

በጠበል ስፍራ ደዌ ገባ በተባለ ቁጥር፣ ተምሬአለሁ ባዩ ጠበሉን ሲወቅስ፣ ምእመኑ ደግሞ ከጠበል ደዌ አይገኝም ብሎ የጤና ሠራተኛውን በክፉ ዓይን ሲመለከት፣ ነገሩ ከሥሩ ሳይመረመር ይቀራል። ኮሌራ ከዓይነ ምድር ተነሥቶ በውሃና በእህል ወደ ሰው አፍ የሚገባ ደዌ ነውና፣ ብዙ ሕዝብ በቂ መጸዳጃ በሌለበት ሜዳ ሲሰነብት፣ የክረምቱም ጎርፍ ሜዳውን አጥቦ ወደ ውሃው ሲወርድ፣ ጠበሉን ያረከስነው እኛው ነን እንጂ ጠበሉ እኛን አልበከለንም። ጠበል የሚቀዳበት ጄሪካን እንኳ (ትናንት ናፍጣ የነበረበት ሳይቀር!) ታጥቦ እንደ ሆነ የሚጠይቅ የለም።

ስለዚህ ጫማ የሚያስወልቀው ሥርዓት እጅንም ቢያስታጥብ፣ መጠመቂያው ከመጠጫው ቢለይ፣ ሜዳ ላይ የተጸዳዳም ሥርዓት እንዳፈረሰ ቢቈጠር፣ ከቀኖና መውጣት አይሆንም። ይህንንም ከጤና ባለሙያው ይልቅ አጥማቂው ካህን ቢያዝ ይሰማል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም.፣ በእንጦጦ ማርያም የሚጠመቁ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ጠበሉን እንዲጠቀሙ በአደባባይ ባስተማሩ ጊዜ፣ ሐኪም ብቻውን ሊናገረው የማይቻለውን ተናግረዋል።

ለቋራው ጠበል የሚያስፈልገው ብዙ ሀብት አይደለም፤ የሰበካ ጉባኤውና የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ወጪውን ተካፍለው፣ ከምንጩ በታችና በራቀ ስፍራ መጸዳጃ ቢያስቆፍሩ፣ ለመጠጥም ንጹሕ ውሃ ቢያስቀርቡ፣ ይህም ከሚያዝያ 23 የቅዱስ ጊዮርጊስ ክብረ በዓል በፊት ቢፈጸም፣ ለሚቀጥለው ክረምት ይደርሳል።