መንገዱ ሲዞር መንደሩ የት ይግባ?

በጣልያን ወረራ ዘመን ከተሠሩት አውራ ጎዳናዎች አንዱ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲ፣ በሚሌ፣ በሎግያና በሰርዶ በኩል ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ ነው። በዚህ ጎዳና ላይ ለብዙ ዓመታት እህል፣ ነዳጅ፣ ጨውና ሸቀጥ የጫኑ ተሳቢዎችና ቦቴዎች ሌት ተቀን ሲመላለሱበት እንደነበር ይታወሳል። ከዲቾቶ አልፎ በኤሊዳርና በማንዳ ወደ ቡሬ የሚዘልቀው በረሃማ ክፍል ግን ዛሬ የሚታሰበው እምብዛም አይደለም። ሊታሰብበት የሚገባው ይኸው ክፍል ነው።

በእንዲህ ያለ ስፍራ የመንገድ ዳር መንደር የሚመሠረተው በከተማ ፕላን አይደለም። ሾፌር ከሙቀቱ አርፎ ውሃና ሻይ ይሻል፤ ሻይ ቤት ይከፈታል። ጎማ ይፈነዳል፤ ጎሚስታ ይመጣል። ሌሊቱ ይረዝማል፤ አልጋ ይዘረጋል። የአካባቢው የአፋር አርብቶ አደርም ፍየሉንና ወተቱን ይዞ ወደ ጎዳናው ይወጣል፤ በምትኩ ዱቄት፣ ስኳርና ጨርቅ ገዝቶ ይመለሳል። ውሃ በሚቸግርበት በዚህ አገር ከሚያልፍ መኪና የሚገኝ አንድ ጀሪካን ውሃ እንኳ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ መኪናው ለመንደሩ ገበያም፣ የወሬ ምንጭም፣ ለታመመ ሰው መጓጓዣም ሆኖ ኖሯል።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቆመ። ቡሬ የጦር ግንባር ሆነ። የአገሪቱ ጭነት ወደ ጅቡቲ ወደብ ዞረ፤ ተሳቢዎቹም ዲቾቶ ሲደርሱ ወደ ጋላፊ መታጠፍ ጀመሩ። በአሰብ ወደብ ሥራ ይተዳደሩ የነበሩ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። የታኅሣሥ 1993ቱ የአልጀርስ ስምምነት ጦርነቱን ቢዘጋም መንገዱን አልከፈተም። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የቡሬ ድንበር በሁለቱ አገሮች መሪዎች ፊት ሲከፈት ብዙ ተስፋ ተደርጎ ነበር፤ ሆኖም በዚያው ዓመት ተመልሶ ተዘጋ።

«መንደሩ ከመኪናው ጋር የመጣ ስለሆነ ከመኪናው ጋር ቢሄድ ምን ያስደንቃል?» የሚሉ አይጠፉም። አነጋገሩ ግማሽ እውነት አለው። ከደጋ ወርዶ ሻይ ቤት የከፈተው ነጋዴ ወይም ጎማ የሚለጥፈው ባለሙያ ዕቃውን ሸክፎ ሎግያ ወይም ጋላፊ ሊወርድ ይችላል። አርብቶ አደሩ ግን ከመንገዱ በፊትም እዚያው የነበረ ነው። መንገዱ ሲዞር እሱ አይዞርም። የሚቀርበት ፍየሉን የሚሸጥበት ገበያ፣ እህል የሚያገኝበት ሱቅና የታመመ ልጁን የሚያሳፍርበት መኪና ነው። ከሩቅ የሚመጣ እህል ይወደድበታል፤ ለሽያጭ የሚነዳው ከብትም በጉዞ ይከሳል። እንግዲህ መንደሩ ሰው አልባ ሆነ የሚባለው የሄዱትን ብቻ በመቁጠር ነው፤ የቀሩትን የሚቆጥር የለም።

ከዚሁ ጎዳና ሌላ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ሰርዶ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ የፈረሰች መንደር ናት። ይሁን እንጂ ዛሬ ወደ አፍዴራ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠለው ከእርሷ ነው። ከአሰብ ይመጣ የነበረው ጨው በጦርነቱ ምክንያት ሲቋረጥ የአፍዴራ ጨው ለአገሪቱ ገበያ ደረሰ፤ አካባቢውም ከራሱ ምድር የሚያወጣው ሀብት አገኘ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንደሚባለው፣ በሚያልፍ መኪና ላይ ብቻ ያልተንጠለጠለ አካባቢ አንዱ ቢጎድልበት በሌላው ይቆማል።

ይህ ጉዳይ የአሰብ መንገድ ብቻ አይደለም። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ብዙ መኪና በደብረ ዘይትና በሞጆ መካከል ሳያልፍ ይሄዳል። እነዚህ ከተሞች ፋብሪካና ገበያ ስላላቸው አልወደቁም። እንዲህ ያለ መደገፊያ የሌላቸው ትናንሽ የመንገድ ዳር ቀበሌዎች ግን ብዙ ናቸው፤ አዲስ መንገድ በተቀየሰ ቁጥርም የአንዳንዶቹ ዕጣ አብሮ ይወሰናል።

ከዚህ አኳያ ሁለት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛው፣ መንገድ ሲቀየስ ወይም የጭነት መስመር ሲለወጥ የሚመለከታቸው ክፍሎች የኪሎ ሜትሩንና የነዳጁን ሂሳብ እንደሚያወጡ ሁሉ መስመሩ የሚለቃቸውን መንደሮች ሂሳብም እንዲያወጡ ነው። ሁለተኛው፣ መኪናው ገና እየተመላለሰ ሳለ የውሃ ጉድጓድ፣ የከብት ገበያ፣ የእንስሳት ሕክምናና ትምህርት ቤት መንደሩ ውስጥ እንዲተከሉ ነው። መንገዱ ከዞረ በኋላ ውሃ በቦቴ ማመላለስ ብዙ ወጪ ይጠይቃል፤ ዘላቂም አይሆንም።

የማንዳና የቡሬ መስመር አንድ ቀን እንደገና ይከፈት ይሆናል። ያን ቀን ሻይ ቤቱም ጎሚስታውም ተመልሰው መምጣታቸው አይቀርም። በዚያ ጊዜ መታየት ያለበት፣ መኪናው ዳግመኛ ቢቀር አርብቶ አደሩ በእጁ ምን እንደሚቀርለት ነው።