ላያዩት የተፈረደ ፍርድ

ዳኛ ሲቀጣ ቆጥሮ ነው፤ ሁለት ዓመት፣ አምስት ዓመት ይላል። በብሪታንያ ግን ማብቂያ ያልተቆጠረለት ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የወሲብ ወንጀሎች ሕግ፣ በእነዚህ ወንጀሎች 30 ወርና ከዚያ በላይ የታሰረን ሰው ዕድሜ ልኩን መዝገብ ላይ አሰፈረው። አድራሻ ሲቀይር በ3 ቀን ውስጥ ለፖሊስ ያሳውቃል፤ ውጭ አገር ሲሄድም እንዲሁ። ሰውየው ታረመ አልታረመ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። አቤት የሚልበት በርም አልተተወለትም።

ጉዳዩን ፍርድ ቤት ካደረሱት አንዱ፣ ወንጀሉን ሲፈጽም የ11 ዓመት ልጅ ነበር። ድርጊቱ ከባድ ነው፤ የተጎዳውም ሕፃን ነው። ይህን ማንም ማቃለል አይችልም። ግን የ11 ዓመት ልጅ በ70 ዓመቱም ያው አደገኛ ነው ብሎ ከወዲሁ መወሰን ፍርድ ነው ወይስ ጥንቆላ?

የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2010 መልስ ሰጠ። ልብ በሉ፣ መዝገቡ ይቅር አላለም። አደጋው ያለፈለትን ሰው ለይቶ ማወቅ እንደማይቻል የሚያሳይ ማስረጃ አልቀረበም፤ ስለዚህ ጭራሽ የማይመረመር የዕድሜ ልክ ምዝገባ የግል ሕይወት መከበርን መብት ይጥሳል አለ።

«የተጎዱትስ?» ትሉ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ፖሊስ አደገኛውንም የታረመውንም እኩል ሲከታተል ቢውል፣ የሚጠቀመው አደገኛው ነው።

መንግሥት በውሳኔው መከፋቱን አልደበቀም። ቢሆንም በ2012 ሕጉ በእንግሊዝና በዌልስ ተሻሻለ። መዝገቡ ላይ 15 ዓመት የቆየ፣ ልጅ ሳለ ከሆነ ደግሞ 8 ዓመት የቆየ፣ ጉዳዩ እንዲመረመርለት ለፖሊስ ያመለክታል፤ ቢከለከል ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል። አሁንም አደገኛ ከሆነ እዚያው ይቆያል። ታዲያ ምን ጎደለ?

ሐሳቡ ለእኛም ባዕድ አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን «መሰየም» የሚለው ነገር አለ። ቅጣቱን ጨርሶ የተወሰነ ዘመን በመልካም ጠባይ የኖረ ሰው፣ ስሙ እንዲታደስለት ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል።

መጠየቅ ማለት ማግኘት አይደለም። ዳኛው «አይሆንም» ሊል ይችላል፤ መብቱ ነው። ግን «አይሆንም» ለማለትም እኮ አስቀድሞ መስማት ያስፈልጋል።