ሙያ በአጥንት አይወረስም

«ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው አባባል በኅብረተሰባችን ውስጥ ሥር ሰድዶ የኖረ ነው። ለጊዜው ሲሰሙት ስለ ዘመድ ፍቅር ብቻ የሚናገር ይመስላል። በተግባር ግን ለትዳር አጥንት ሲቆጠር፣ የተላከው ሽማግሌ አፍሮ ሲመለስ፣ «የጨዋ ልጅ» እና «የጠይብ ልጅ» ተብሎ ሰው ከሰው ሲለይ እንደ ማስረጃ ሲጠቀስ ኖሯል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንሻውም ይህንኑ ነው፤ ለመሆኑ ከወላጅ ወደ ልጅ በእርግጥ የሚተላለፈው ምንድን ነው? የማይተላለፈውስ?

እንደሚታወቀው ብረት ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ በብዙ የሀገራችን አካባቢዎች ተንቀው ኖረዋል። ገበሬው የሚያርስበትን ማረሻና የሚያጭድበትን ማጭድ፣ ሚስቱ ወጥ የምትሠራበትን ድስትና እንጀራ የምትጋግርበትን ምጣድ የሚያቀርቡት እነዚሁ ባለሙያዎች ሆነው ሳለ ምስጋናቸው «ቡዳ» መባል ሆነ። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፣ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ ተባለ። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ይህ ሁሉ ከሙያው ጋር በአጥንት ይወረሳል መባሉ ነው። በዚህ አስተሳሰብ መሠረት የቀጥቃጭ ልጅ መዶሻ በእጁ ነክቶ ባያውቅም፣ ተምሮ መምህር ወይም ሐኪም ቢሆንም፣ ያው ቀጥቃጭ ነው።

እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ አጼ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማውጣታቸው ይታወሳል። ስድቡ ግን ከዐዋጁ በላይ ዕድሜ አገኘ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። በመሠረቱ የዘር ቆጠራ የርስት መብት ማረጋገጫ በነበረበት ሥርዓት ውስጥ በብዙ ቦታ ርስት የሌለው ባለሙያ «ዘር የሌለው» መባሉ ለባለርስቱ የሚጠቅም ነገር ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ይህ የጥቅም መሠረት ተናደ። ከአእምሮ ውስጥ ያልተናደው ስለ ውርስ የነበረው የተሳሳተ ግንዛቤ ነው።

የዘር ውርስን ሕግ በመጀመሪያ በቁጥር አስደግፎ ያሳየው ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ በምትገኘው በብርኖ ከተማ ገዳም የኖረው መነኩሴ ግሬጎር ሜንዴል ነው። ከ1856 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለስምንት ዓመታት ያህል በገዳሙ የአትክልት ቦታ አተር ሲያዳቅል ቆየ። ፍሬው ድቡልቡል የሆነውን አተር ፍሬው ከተጨማደደው ጋር ሲያዳቅለው በመጀመሪያው ትውልድ የተገኘው ፍሬ ሁሉ ድቡልቡል ሆነ። የተጨማደደው ባሕርይ ፈጽሞ የጠፋ መሰለ። ይሁንና ይህንኑ ትውልድ መልሶ ሲያራባው ከተገኙት 7,324 ፍሬዎች ውስጥ 5,474ቱ ድቡልቡል፣ 1,850ዎቹ የተጨማደዱ ሆኑ። ሦስት ለአንድ መሆኑ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ውርስ እንደ ቡናና ወተት የሚደባለቅ «ደም» አለመሆኑን ነው። የሚተላለፈው ዛሬ ጂን የምንለው፣ ሳይሟሟና ሳይቀላቀል ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚሻገር ነጠላ መመሪያ ነው። ልጅ ከእያንዳንዱ ጂን አንዱን ከእናቱ፣ አንዱን ከአባቱ ይወስዳል። ወላጅ ካሉት ሁለት ቅጂዎች የትኛው እንደሚደርሰው የሚወሰነው በዕጣ ነው። በ46ቱ የሰው ክሮሞዞሞች ውስጥ 23ቱ ከእናት፣ 23ቱ ከአባት የመጡ ናቸው። ሜንዴል ውጤቱን በ1866 እ.ኤ.አ. ቢያሳትምም እስከ 1900 እ.ኤ.አ. ድረስ ልብ ያለው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

በሕይወት ዘመን የተገኘ ነገርስ ይወረሳልን? ጀርመናዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ኦገስት ቫይስማን በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም የአይጦችን ጅራት ለአምስት ትውልድ ያህል እየቆረጠ አራባ። ከእነዚህ ጅራተ ቆራጦች የተወለዱት 901 አይጦች ሁሉ ጅራታቸው ሙሉ ነበር። እኛ ግን ለዚህ ማስረጃ አይጥ ባላስፈለገንም ነበር። በሀገራችን ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን ሲገረዝ ስንት መቶ ዓመት አለፈ? ተገርዞ የሚወለድ ሕፃን ግን አልታየም። በቀጥቃጩ መዳፍ ላይ የወጣው ቋቁቻም ሆነ መዶሻውን የሚያነሣበት ስልት ወደ ልጁ ጂን የሚገባበት መንገድ የለም። ልጁ ሙያውን የሚያውቀው ከወናፉ አጠገብ ተቀምጦ ሲማር ነው።

አጥንት ቆጣሪው ራሱ በሚመካበት ቆጠራ እንሞግተው። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር ጥሩ ልማድ ነው። እንደ ተጨማደደው አተር ተደብቀው የሚኖሩ የበሽታ ጂኖች በቅርብ ዘመዳሞች ጋብቻ በልጅ ላይ የመገናኘት ዕድላቸው ስለሚጨምር አባቶቻችን ሳይንሱን ሳያውቁ መልካም አድርገዋል። ነገር ግን አንድ ሰው ሁለት ወላጆች፣ አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች ካሉት፣ ዘመዳሞች ካልተጋቡ በቀር በሰባተኛው ቤት 128 ሰዎች ይኖሩታል። የእያንዳንዱ ድርሻ በአማካይ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ቆጣሪው ለራሱ ሲቆጥር ከ128ቱ ውስጥ አንድ ደጃዝማች ይመርጥና 127ቱን ይረሳል። ለሌላው ሲቆጥር ደግሞ አንድ ቀጥቃጭ ይፈልግና 127ቱን ገበሬ ይረሳል። ይህ የሒሳብ ስሕተት እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

«ታዲያ ቀጥቃጮች ከገበሬዎች የተለዩ መሆናቸው በምርመራ ቢገኝስ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከዚሁ ከሀገራችን የተገኘ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ በጂንካ አካባቢ በሚኖረው በአሪ ሕዝብ ዘንድ ቀጥቃጮችና ገበሬዎች ለየብቻቸው ሲጋቡ ኖረዋል። የሁለቱ ወገኖች ዘረመል ሲመረመር በእርግጥ ልዩነት ታየ። ስለዚህም ቀጥቃጮቹ ከገበሬዎቹ በፊት በአካባቢው ይኖር የነበረ የሌላ ሕዝብ ቅሪት ሳይሆኑ አይቀሩም የሚለው ግምት የተረጋገጠ መሰለ። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ግን ነገሩን በጥልቀት ሲመረምር ሁለቱ ወገኖች ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ምንጭ የተከፈሉ መሆናቸውን አሳየ። ልዩነቱን ያመጣው ቀጥቃጮቹ ተገልለው በአነስተኛ ቁጥር እርስ በርሳቸው ብቻ መጋባታቸው ነበር።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማወቅ ከጎተራ አንድ እፍኝ ቅይጥ እህል መዝገን ይበቃል። በጎተራው ውስጥ ጥቁር፣ ነጭና ቀይ ጤፍ ቢኖርም ከእፍኙ ውስጥ አንዱ ሊበዛ፣ ሌላው ጨርሶ ሊጎድል ይችላል። ያንኑ እፍኝ ለብቻው እየዘሩ እያጨዱ ለብዙ ዓመታት ቢቆዩ ከጎተራው የተለየ ይመስላል፤ የወጣው ግን ከዚያው ጎተራ ነው። እንግዲህ ንቀቱ ከልዩነት አልመነጨም፤ ልዩነቱን ንቀቱ ራሱ ፈጠረው፤ ከዚያም በፈጠረው ልዩነት ትክክለኛነቱን ለማስመስከር ፈለገ። ጥናቱ በአሪ ላይ የተደረገ ስለሆነ ለየአካባቢው የየራሱ ምርመራ ያስፈልጋል። የ«አጥንት» ወሬ ግን ከእንግዲህ ያለ ማስረጃ ሊቀርብ አይገባውም።

የሜንዴልን አተር ከክፍል ውስጥ ተምሮ፣ ፈተናውንም በጥሩ ውጤት አልፎ፣ እኅቱ የሸክላ ሠሪ ልጅ ልታገባ ስትል «አጥንታችን ይበላሻል» ብሎ የሚቆጣ ወጣት ዛሬም አይጠፋም። ይህ ወጣት ሦስት ለአንድን በቃሉ ይዞታል እንጂ ስለ ራሱ ቤት የሚናገር መሆኑ አልታየውም። የሥነ ሕይወት መምህሮቻችን አተሩን በሣሉበት ሰሌዳ ላይ 128ቱን አያቶችና የአሪን ቀጥቃጮች ጉዳይ አብረው ቢያስቀምጡለት፣ ትምህርቱ በዚያው ዕለት ከቤተሰቡ ማዕድ ላይ ጥያቄ ሆኖ ይቀርብ ነበር።