አስተናጋጅ ከማመልከቻ ይቀድማል

የድህረ ዶክትሬት የምርምር ፌሎውሺፕ ብዙ ጊዜ እንደ ነጻ የትምህርት ዕድል ይታያል። ጥሩ ውጤት፣ የድጋፍ ደብዳቤና የታተሙ ጽሑፎች ከተሟሉ የቀረው ዕድል ይመስላል። የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ስክሎዶውስካ ኩሪ ፌሎውሺፕ አሠራር ግን ሌላ ነገር ያሳያል፤ ገምጋሚዎች የሚመዝኑት አንድ ተመራማሪና አንድ አስተናጋጅ ተቋም አብረው ያወጡትን ዕቅድ ነው። ገንዘቡ ሲፈቀድም ከኅብረቱ ጋር ውል የሚፈርመው ተቋሙ ሲሆን፣ ተመራማሪው በተቋሙ በደመወዝ ይቀጠራል። የጀርመኑ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ፋውንዴሽንም ያለ አስተናጋጅ ማረጋገጫ ማመልከቻ አይቀበልም።

የኩሪ ፌሎውሺፕ ለማንኛውም ዜግነት ክፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከ10,000 በላይ ማመልከቻዎች ገብተው ያለፉት 1,700 ገደማ ናቸው። ወሳኙ መስፈርት የመኖሪያ ቦታ ነው፦ አመልካቹ ከማመልከቻው መዝጊያ በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በአስተናጋጁ አገር ከ12 ወራት በላይ ኖሮ ወይም ዋና ሥራውን ሠርቶ መገኘት የለበትም። ዶክትሬቱን ቤልጅየም ተቀምጦ ገና የጨረሰ ኢትዮጵያዊ እዚያው ሉቨን ለመቀጠል ማመልከት አይችልም፤ ድንበር ተሻግሮ ኔዘርላንድስ ግን ይችላል። ከአዲስ አበባ የሚያመለክት ሰው በዚህ መስፈርት አይቸገርም፤ ይህን ብልጫውን ግን ብዙዎች አያውቁትም።

የዕቅዱ ዋና ክፍል ከ10 ገጽ አይበልጥም። ከነጥቡ 50 በመቶው ለምርምሩ ልቀት፣ 30ው ለሚያመጣው ውጤት፣ 20ው ለአፈጻጸሙ ነው። ልቀት በሚለው ሥር አመልካቾች የሚዘነጉት አንድ ጥያቄ አለ፤ ተመራማሪው ከተቋሙ ከሚማረው ሌላ ተቋሙ ከእርሱ ምን ይማራል? ብዙ ማመልከቻ በምስጋና ቃላት ያልፈዋል። ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። ቅኔና ዜማ ተምሮ ያደገ የብራና ጥናት ባለሙያ፣ ሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ወዳለው የሂዮብ ሉዶልፍ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጥናት ማዕከል ሲያመለክት፣ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያካበተው ዕውቀት የዕቅዱ አካል መሆን አለበት። የእንሰት ወይም የጤፍ ተመራማሪም የዓመታት የማሳ መዝገቡን ይዞ ይቀርባል። እንዲህ ያለው አመልካች ባለ ዕውቀት ሆኖ ይደራደራል።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ለፕሮፌሰሩ ከሚላከው ደብዳቤ ነው። «የእርስዎን ሥራ አደንቃለሁ፣ ቦታ ካለ» የሚል ደብዳቤ መልስ ባያገኝ አያስገርምም። የፕሮፌሰሩን አንድ ጽሑፍ ጠቅሶ፣ ያልተመለሰውን ጥያቄ አንስቶ፣ በእጁ ያለው መረጃ ጥያቄውን እንዴት እንደሚፈታ በአንድ ገጽ የሚያስረዳ ግን ውይይት ይከፍታል። በ2024 ጥሪው ሚያዝያ ላይ ተከፍቶ መስከረም ላይ ተዘግቷል። ብዙ ተቋማት ግን የሚያስተናግዱትን ሰው ከዚያ አስቀድመው ይመርጣሉ። በነሐሴ አስተናጋጅ የሚፈልግ ሰው ዕቅዱን አብሮ የሚጽፍለት አያገኝም።

ጥድፊያው ቀጣዩን ዓመትም ያበላሻል። በ2024ቱ ደንብ ከ70 በመቶ በታች ያገኘ ማመልከቻ በሚቀጥለው ዓመት ከዚያው ተቋም ጋር ተመልሶ መግባት አይፈቀድለትም። 85 በመቶና ከዚያ በላይ አግኝቶ በበጀት እጥረት የቀረው ግን የልቀት ማኅተም የተባለ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፤ አንዳንድ አገሮች ይህን ይዞ ለሚመጣ ተመራማሪ ከራሳቸው በጀት ይከፍላሉ።