ከስሙ በፊት መልኩ

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ሱቅ ስትሄድ ግን ሻይ ቅጠሏን ለይታ ታውቃለች። «ያንን አረንጓዴውን፣ ጠርዙ ወርቃማ የሆነውን» ትላለች፤ ባለሱቁም ያወርድላታል። ባለፈው ወር ያፈላችው ሻይ ግን አልቀላ አለ። ቅጠል ጨመረችበት፤ ያው ነው። ማሸጊያውን አንስቼ አየሁት። አረንጓዴው ያው አረንጓዴ፣ ወርቃማው ጠርዝ ያው፣ የሲኒው ሥዕል እንኳ በዚያው ቦታ ነው። የተለየው ስሙ ብቻ ነበር። እሷ ደግሞ ስሙን አታነብም።

ነገሩ ስለከነከነኝ ዕቃ አምርተው የሚሸጡ ሁለት ሦስት ወዳጆቼን ጠየቅሁ። ሁሉም ስማቸውን አስመዝግበዋል። ማሸጊያውስ ስላቸው አንደኛው «እሱም ይመዘገባል እንዴ?» አለኝ።

አዎ፣ ይመዘገባል። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የንግድ ምልክትን ሲተረጉም ቃልና ፊደል ብቻ ብሎ አላቆመም። ቀለምን፣ የዕቃውን ቅርጽ፣ የመያዣውንም ቅርጽ ጨምሯል። መለኪያው በዓይን መታየቱና የአንዱን ዕቃ ከሌላው መለየት መቻሉ ነው። ለእናቴ ዓይነቱ ገዢ ከዚህ የተሻለ ድንጋጌ አላውቅም።

እ.ኤ.አ. በ1915 ኮካ ኮላ ለጠርሙስ ፋብሪካዎች ያቀረበው ጥያቄ ይህንኑ ነበር፤ በጨለማ ሲዳሰስ የሚለይ፣ ተሰብሮ መሬት ላይ ቢገኝ እንኳ የሚታወቅ ጠርሙስ ሥሩልኝ አለ። ኢንዲያና ውስጥ የነበረው የሩት መስታወት ፋብሪካ ያቺን ወገቧ ሰርጎድ ያለ ጠርሙስ ሠራለት። አሜሪካ ውስጥ ጠርሙሷ ራሷ በንግድ ምልክትነት የተመዘገበችው ግን በ1960 ነው። የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ደግሞ በ1986 አትመዘገብም ብሎ ፈርዷል። መልክን ማስመዝገብ ስምን ከማስመዝገብ ይከብዳል።

መክበዱም ተገቢ ነው። የዘይቱን ቢጫ ጀሪካን አስቡት። እጀታው ለመሸከም፣ አፉ ለመቅዳት የተሠራ ነው፤ ቢጫውንም ሁሉም ይጠቀምበታል። አንድ ነጋዴ የእኔ ብቻ ነው ቢል ሌላው በምን ሊሸጥ ነው? ጥበቃ የሚገባው ሥራ ለማቅለል ሳይሆን ዕቃውን ለመለየት ተብሎ ለታሰበበት መልክ ነው፤ ለዚያች አረንጓዴና ወርቃማ ማሸጊያ ዓይነት።

ያላስመዘገበ ሰው መብቱን ሁሉ አጥቷል ማለት አይደለም። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማችን የሚያደናግር ድርጊትን ይከለክላል። ሆኖም ያኔ ገዢው በዚህ መልክ እንደሚያውቅህ፣ መደናገሩንም አንድ በአንድ የማስረዳቱ ጣጣ ያንተ ነው። የምዝገባ ምስክር ወረቀት የያዘ ሰው ግን ክርክሩን የሚጀምረው ከዚያ አልፎ ነው።

አምራቾች ሆይ፣ ምዝገባ በየሰባት ዓመቱ ይታደሳል። ለእድሳት ወደ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ስትሄዱ ስማችሁን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ማሸጊያውን ከነቀለሙ፣ ከነሥዕሉ፣ ከነቅርጹ ይዛችሁ ቅረቡና ለእሱም አዲስ ማመልከቻ አስገቡ። እናቴ የምታውቃችሁ በእሱ ነው።